ከአውቶቡስ ተራ እስከ ችሎት፦ አካል ጉዳተኞች በሕግ ያላቸው መብት

ከክልል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ለብዙ ዘመን መጀመሪያ እግሩን የሚያሳርፈው በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በሚገኘው አውቶቡስ ተራ ነበር። ከዚያ ወደ መርካቶ ለመዝለቅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። በርበሬውን የሚያስረክብ ገበሬ፣ ለወረዳ ከተማ ሱቁ ዕቃ የሚያስጭን ነጋዴ፣ የቀን ሥራ የሚፈልግ ወጣት በሸማ ተራ፣ በድር ተራ፣ በምናለሽ ተራና በቦምብ ተራ መካከል ሲተላለፍ ይውላል። በዚሁ ግፊያ ውስጥ በክራንች የሚራመድ፣ በነጭ በትር መንገዱን የሚለይ፣ በምልክት ቋንቋ ዋጋ የሚከራከር፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ሎተሪ የሚሸጥ ሰው አለ። ገበያተኛው እነዚህን ሰዎች ሲያይ እጁን ወደ ኪሱ መስደድ ይቀናዋል። የሀገሪቱ ሕግ ግን ከምጽዋት አልፎ ስለ ሥራ፣ ስለ ደረጃ፣ ስለ ፊርማና ስለ ካሣ ይናገራል።

አካል ጉዳተኛው በገበያው ውስጥ በየትኛው በር ላይ የትኛው ሕግ እንደሚቆምለት፣ ሕጉም በየት በኩል ክፍተት እንዳለው ከዚህ በታች ተብራርቷል።

ከርዳታ ወደ መብት

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሕግ አካል ጉዳተኞችን መልሶ የሚያቋቁም ድርጅት በትእዛዝ የተመሠረተው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ አካባቢ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ያ ትእዛዝ አካል ጉዳተኛ የሚለውን ቃል የተረጎመው በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ምክንያት ኑሮውን ማሸነፍ የማይችል ሰው በማለት ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ለሥራ ያልደረሰ ሕፃናትንና የደከሙ አረጋውያንንም በዚሁ ጥላ ሥር አስገብቷቸው ነበር። ትርጉሙ የሚነሣበትን ቦታ ልብ ማለት ይገባል። ጉዳት ያለበት ሰው ሠርቶ መብላት አይችልም ብሎ የተነሣ ሕግ፣ መጠለያና ድጎማ ሊሰጥ ይችል ይሆናል እንጂ የሥራ መብት ሊሰጥ አይችልም።

ሀገሪቱ ግን ከዚያ ቀደም ብላ ሌላ ልምድ ነበራት። በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ የአብነት ትምህርት ቤቶች ዓይናቸው የማያይ መምህራን ወንበር ተክለው ሲያስተምሩ፣ ደቀ መዛሙርትም ከሩቅ አገር ወደ እነሱ ሲጎርፉ ኖረዋል። ትምህርቱ በቃል የሚጠና በመሆኑ የዓይን አለማየት እውቀትን አላገደም። በዛሬው ቋንቋ ሲነገር፣ አሠራሩ ለሰውየው የተመቸ ስለነበር ጉዳቱ እንቅፋት አልሆነም ማለት ነው። ዘመናዊው ቢሮና ዘመናዊው ሱቅ ሲመጡ ነው በሩ የጠበበው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5 ላይ መንግሥት የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንን እንዲሁም ወላጅ ወይም አሳዳጊ የሌላቸውን ሕፃናት ለማቋቋምና ለመርዳት እንዲሠራ ያዛል። አሁንም ቃሉ ርዳታ ነው። ስለ እኩልነት የሚደነግገው አንቀጽ 25 ዘርን፣ ቀለምን፣ ጾታን፣ ቋንቋን፣ ሃይማኖትንና ሌሎችንም ዘርዝሮ ሲያበቃ አካል ጉዳትን በስሙ አይጠራም። ሆኖም ዝርዝሩ የሚዘጋው ሌላ ማናቸውንም አቋም በሚያካትት ሐረግ በመሆኑ፣ አካል ጉዳተኞችም በዚሁ ጥበቃ ሥር መሆናቸውን የሕግ ባለሙያዎች ያስረዳሉ።

ጉዳዩን በግልጽ ከርዳታ ወደ መብት ያሸጋገረው በ2002 ዓ.ም. የተፈጸመ አንድ ተግባር ነው። በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የጸደቀውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀበለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንኡስ አንቀጽ 4 መሠረት ሀገሪቱ ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው። ስለዚህ በመርካቶ ያለ አንድ የሎተሪ አዟሪ ይህን ስምምነት ጠቅሶ ቢከራከር የውጭ አገር ወረቀት አነሣህ ሊባል አይችልም።

ለቅጥር ሲቀርቡ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 101 ለአካል ጉዳተኞች የተለዩ የሥራ ቦታዎች እንዲጠበቁ የሚል ነበር። ሐሳቡ ቅን ቢሆንም ውጤቱ ተቃራኒ ሆነ። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በመግቢያው ላይ ይህንኑ በግልጽ ይናገራል፤ ቦታ ለይቶ ማስቀመጡ አካል ጉዳተኞች በችሎታቸው ተወዳድረው መሥራት አይችሉም የሚል ምስል እንደፈጠረ፣ አሠሪም የሥራውን ሁኔታ እንዲያመቻችላቸው እንዳላስገደደ ይተቻል። አንድ ሕግ የቀደመውን ሕግ እንዲህ ፊት ለፊት ሲነቅፍ ማየት ብዙም የተለመደ አይደለም።

አዲሱ አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ብቻ አይመለከትም፤ ለንግድ፣ ለኢንዱስትሪ፣ ለግንባታ ወይም ለግብርና የተቋቋመ ድርጅትንም ይጨምራል። በድር ተራ ያለ አንድ የጅምላ መደብር የሂሳብ ሠራተኛ ሊቀጥር ማስታወቂያ አወጣ እንበል። መሥፈርቱን የሚያሟላች፣ በፖሊዮ ምክንያት በክራንች የምትሄድ ወጣት ተወዳድራ ብልጫ ያለው ውጤት ብታመጣ፣ የሥራው ጠባይ ራሱ የሚከለክል ካልሆነ በቀር ቦታው የእሷ ነው። ውጤቷ ከሌላው ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ቢሆን እንኳ አዋጁ ቅድሚያውን ለእሷ ይሰጣል። ከተቀጠረች በኋላም ደመወዝዋ፣ አበልዋና ሥልጠናዋ ከባልደረቦችዋ ሊያንስ አይችልም።

በዚህ ላይ አሠሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት የተባለውን ግዴታ ይሸከማል። ቃሉ ከባድ ቢመስልም ነገሩ ቀላል ነው። የሂሳብ ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ ጠረጴዛዋን ምድር ቤት ማድረግ፣ ማየት ለተሳነው ሠራተኛ በኮምፒዩተሩ ላይ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ፕሮግራም መጫን፣ ሲያስፈልግም ረዳት መመደብ ነው። ለሴት አካል ጉዳተኞች አዋጁ የጾታና የጉዳት ድርብ ጫና እንዳለባቸው ተገንዝቦ አሠሪው የተለየ ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያዛል። ማመቻቸቱ በአሠሪው ላይ ከአቅም በላይ የሆነ ጫና የሚፈጥር ከሆነ ብቻ ነው ግዴታው የሚላላው።

ከአዋጁ ድንጋጌዎች ሁሉ ጥርስ ያለው ስለ ማስረጃ የሚናገረው ነው። በተለመደው የሙግት ሥርዓት ተበደልኩ ያለ ሰው በደሉን ማስረዳት አለበት። አለመቀጠሬ በጉዳቴ ምክንያት ነው የሚል ሰው ግን የቀጣሪውን ልብ ከፍቶ ሊያሳይ አይችልም፤ ቀጣሪው ምክንያቱን በወረቀት ላይ አያሰፍርለትም። ስለዚህ አዋጁ የማስረዳትን ሸክም አዙሮ በአሠሪው ላይ ጣለው። አድልዎ አለመፈጸሙን የሚያስረዳው አሠሪው ነው። ክሱንም አካል ጉዳተኛው ብቻውን እንዲያቀርብ አይገደድም፤ አባል የሆነበት ማኅበር በስሙ ሊሟገት ይችላል።

ማምለጫ ቀዳዳ የለውም ማለት ግን አይደለም። የሥራው ጠባይ ካልፈቀደ በቀር የሚለው ሐረግ ሰፊ ሆኖ ሊተረጎም ይችላል። ለቢሮ ሥራ መንጃ ፈቃድ መጠየቅ ወይም ሙሉ ጤነኛ የሚል ቃል በማስታወቂያ ላይ መጻፍ በሩን ከጅምሩ የመዝጋት ዘዴ ነው። እንዲህ ያለ መሥፈርት ሲገጥም ጥያቄው አንድ ነው፤ ሥራው በእርግጥ ይህን ይፈልጋል ወይስ አሠሪው?

ጫኝና አውራጁ ሲወድቅ

መርካቶ ሰው ጉዳት ይዞ የሚመጣበት ብቻ አይደለም፤ ጉዳት የሚገጥምበትም ነው። ኩንታል በጀርባው ተሸክሞ በጠባብ ኮሪደር ደረጃ የሚወጣ ወጣት፣ ከጭነት መኪና ላይ ቆርቆሮ የሚያወርድ ሠራተኛ በአንድ ቅጽበት ወገቡ ወይም እግሩ ሊጎዳ ይችላል። ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ክረምት ሲወጣ ወይም አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ከገጠር የሚመጡ ናቸው። ሲጎዱ የተለመደው ነገር ለሕክምና ጥቂት ገንዘብ ተዋጥቶላቸው ወደ አገራቸው መሸኘት ነው። በዚያው ቀን ግን በሕግ ያላቸው መብት ከመዋጮው እጅግ ይበልጣል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ሠራተኛው ሥራ መሥራት ባልቻለበት ጊዜ፣ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ ለሚቀጥሉት 3 ወራት ከደመወዙ ከመቶ 75 የማያንስ፣ ለተከታዮቹ 6 ወራት ከመቶ 50 የማያንስ ይከፈለዋል። በጡረታ ሥርዓት ያልታቀፈ ሠራተኛ ጉዳቱ ዘላቂና ሙሉ በሙሉ ከሥራ የሚያግድ ከሆነ ደግሞ የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ ካሣ ያገኛል፤ ከፊል ከሆነም እንደ ጉዳቱ መጠን ይሰላል። ይኸው አዋጅ በአካል ጉዳት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል።

ውል አልፈረምክም የሚለው መልስ አሠሪን አያድንም። የሥራ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ሕጉ አያስገድድም፤ በቃል ሲሆን አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ስምምነቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። አለመስጠቱም የሠራተኛውን መብት አያጠፋም። አብሮ የጫነ ባልደረባ፣ የመጋዘን መዝገብ፣ በስልክ የተላከ ክፍያ ሁሉ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ የአንድ አሠሪ ሠራተኛ ያልሆነው ሰው ላይ ነው። ጠዋት ለአንዱ፣ ከሰዓት ለሌላው እየተሸከመ በሸክሙ ልክ የሚከፈለው ሰው የማን ሠራተኛ ነው? ገበያው በእሱ ጀርባ ላይ ቢቆምም በዚህ አዋጅ ሥር መግባቱን ማስረዳት አዳጋች ይሆንበታል። ሌላ ሰው በጥፋቱ ካልጎዳው በቀር የሚቀርለት የዕድሩና የጓደኞቹ ኪስ ነው። ከሁሉም ክፍተቶች ሰፊው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ደረጃው

የዛሬው መርካቶ ቅርጽ የያዘው በጣልያን ወረራ ዓመታት ነው። ወራሪው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ አሁን ወዳለበት አዛወረው። ለብዙ ዓመታት ሱቁ ምድር ላይ የተዘረጋ ነበር፤ ቆርቆሮው ዝቅ ቢልም በሩ ከመንገዱ ጋር እኩል ነበር። ነጋዴዎች በአክሲዮን እየተደራጁ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃዎችን ሲገነቡ ገበያው ወደ ላይ ወጣ። ለብዙ ሰው ዕድገት ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ነጋዴ ግን ቀድሞ ይደርስበት የነበረው ሱቅ አራተኛ ፎቅ ላይ ተሰቀለበት ማለት ነው።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ማንኛውም ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙ፣ እንዲሁም መራመድ ቢችሉም ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። መጸዳጃ ቤት በሚያስፈልግበት ሕንፃም በቂ ቁጥር ያለው ለእነሱ የሚስማማና ሊደርሱበት የሚችሉት ሆኖ መሠራት አለበት ይላል። ድንጋጌው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሕንፃ ፈቃድ በወረቀት ላይ ያለ ሥዕል ነው፣ ሰው የሚሄደው ደግሞ በሲሚንቶው ላይ ነው። በሥዕሉ ላይ ያለ መወጣጫ ዕቃ ሲደረደርበት ወይም ቁልቁለቱ ከልክ በላይ ሲሆን ጥቅም አይሰጥም። ሊፍትም ቢሆን ሲሠራ ብቻ ነው ሊፍት።

ከ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በአውቶቡስ ተራ በኩል የሚያልፈው የቀላል ባቡር መስመርም ይህንኑ ጥያቄ ያነሣል። መስመሩ በዚህ አካባቢ በድልድይ ላይ የተዘረጋ በመሆኑ ጣቢያው ላይ ለመድረስ መውጣት ግድ ነው። ባቡሩ ራሱ ከመድረኩ ጋር እኩል ሆኖ ስለሚቆም ለተሽከርካሪ ወንበር ምቹ ነው፤ ሊፍቱ የቆመ ዕለት ግን ያ ሁሉ ምቾት ከላይ ይቀራል።

ደረጃ የፖለቲካ ጥያቄ የሆነበት አገር ኢትዮጵያ ብቻ አይደለችም። በአሜሪካ በመጋቢት 1990 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ በምክር ቤት በተጓተተ ጊዜ በርካታ አካል ጉዳተኞች ተሽከርካሪ ወንበራቸውንና ክራንቻቸውን ከታች ትተው የምክር ቤቱን ደረጃ በእጃቸውና በጉልበታቸው እየዳኹ ወጡ። ሕጉ በዚያው ዓመት ሐምሌ ተፈረመ። ሕግ አውጪዎቹ በየቀኑ የሚረግጡት ደረጃ ለሌላው ምን እንደሆነ ያዩት ያን ዕለት ነበር።

ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ለመረዳት ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ የተነሣውን ቃጠሎ ማስታወስ ይበቃል። እሳት በተነሣ ጊዜ ሮጦ ደረጃ መውረድ የማይችል፣ ጩኸትም የማይሰማ ሰው በየትኛው በር ይወጣል የሚለው ጥያቄ ሕንፃው ሲሠራ መልስ ማግኘት አለበት። ከተነሣ በኋላ ጊዜ የለም።

ፊርማው የማን ነው?

ከደረጃው ይልቅ ዝም ብሎ የሚያግድ ሌላ በር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 ማየት የተሳነው ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በጽሑፍ ውል ላይ ያኖረው ፊርማ ወይም ምልክት በውልና ማስረጃ ሹም፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ይደነግጋል። የድንጋጌው ዓላማ ግልጽ ነው። ያላነበበውን የብድር ወይም የመሬት ኪራይ ወረቀት በአውራ ጣቱ እንዲያጸድቅ የተደረገ ገበሬ ይህን አንቀጽ ይዞ ሊያመልጥ ይችላል፤ ብዙዎችንም የሚያድን ጋሻ ነው።

ጋሻው ግን ለአንዳንዱ አጥር ይሆናል። በብሬል የሚያነብ፣ በስልኩ ድምፅ ሰነዱን የሚያዳምጥ፣ ሂሳቡን ከማንም በላይ የሚያውቅ ዓይነ ስውር ነጋዴ በመርካቶ አለ እንበል። ውል በገባ ቁጥር ወደ ውልና ማስረጃ መሄድ ካለበት፣ አብሮት የሚነግደው ሰው ጊዜ ላለማባከን ወደ ሌላ ነጋዴ ይሄዳል። በባንኮች ዘንድ ማየት የተሳናቸው ደንበኞች ምስክር ወይም ተወካይ ይዘው እንዲቀርቡ ሲጠየቁ ቆይተዋል፤ የቼክና የኤቲኤም ካርድ አገልግሎትም ሲከለከሉ የቀረቡ አቤቱታዎች ለዓመታት ተሰምተዋል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ጥንቃቄ ይባላል። ውጤቱ ግን የአንድ ሰው ምስጢርና ገንዘብ በሁለተኛ ሰው እጅ መግባቱ ነው። የተወካዩ ታማኝነት ደግሞ በማን ይረጋገጣል?

ሕጉ በጥሞና ሲነበብ ይህን ልማድ አይደግፍም። አንቀጽ 1728 ያልተረጋገጠው ውል ማየት የተሳነውን ሰው አያስገድደውም ይላል እንጂ ውል መግባት አይችልም አይልም። ይኸው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 192 ማንኛውም ሰው በሕግ ችሎታ የለውም ካልተባለ በቀር የሲቪል ኑሮ ተግባራትን ሁሉ ለመፈጸም ችሎታ እንዳለው፣ በአንቀጽ 196 ደግሞ ችሎታ እንዳለ እንደሚገመት ያስቀምጣል። ችሎታ የለውም የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። በአንቀጽ 340 ላይ መስማትና መናገር የተሳናቸው፣ ማየት የተሳናቸውና ሌሎች ዘላቂ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ራሳቸውን ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር ካልቻሉ የተለየውን ጥበቃ ለራሳቸው ጥቅም ሊጠይቁ እንደሚችሉ ተጽፏል። ጠያቂዎቹ እነሱ ናቸው። የባንክ ሠራተኛ ወይም ወንድም ያንን አንቀጽ አንሥቶ በእነሱ ላይ ሊጠቀምበት አይገባም።

የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች ንብረት የማፍራትና የመውረስ፣ ገንዘባቸውን ራሳቸው የማስተዳደር፣ የባንክ ብድርም ከሌላው እኩል የማግኘት መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። ይህ ለገጠሩም ነዋሪ ይመለከታል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባት እኅት የወረሰችውን መሬት ወይም ቤት ታላቅ ወንድም ያለ አንዳች ሥርዓት ጠቅልሎ ሲይዘው ጎረቤት እንደ ደግነት ያየዋል። በሕግ ግን አንድን ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ከመብቱ ሥራ ሊከለክል የሚችለው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ ያውም የሰውየው ጤናና ጥቅም ሲያስገድድ።

ችሎቱና ድምፁ

መስማት የተሳነው ሰው በወንጀል ቢከሰስ ችሎቱ የሚናገረውን በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የመከታተል መብት አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ክሱ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት ይደነግጋል፤ የምልክት ቋንቋ ከዚህ የሚወጣበት ምክንያት የለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። ሆኖም በየወረዳው ፖሊስ ጣቢያና ጤና ጣቢያ አስተርጓሚ ማግኘት ሌላ ነገር ነው፤ ብዙውን ጊዜ የተጎጂዋን ቃል የሚያስተረጉመው የቤተሰብ አባል ነው። በዳዩ ከዚያው ቤተሰብ ከሆነ የሚተላለፈው ቃል የማን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

በምርጫ ጊዜ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ርዳታ የሚያስፈልገው መራጭ ራሱ በመረጠው ሰው ታግዞ ድምፁን እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ረዳቱን የሚመርጠው መራጩ መሆኑ ላይ ነው ቁም ነገሩ።

ስንት ናቸው?

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያገኛቸው አካል ጉዳተኞች ከሕዝቡ ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2003 ዓ.ም. ባወጡት የአካል ጉዳተኝነት ሪፖርት ግን ለኢትዮጵያ የተሰጠው ግምት ከመቶ 17 ነጥብ 6 ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት በጥያቄው አቀራረብ ይመጣል። ቆጣሪ በር ላይ ቆሞ በቤታችሁ አካል ጉዳተኛ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ቤተሰብ የለም ይላል፤ አንዳንዱ አፍሮ፣ አንዳንዱም አያት በዕድሜ ዓይናቸው መፍዘዙን እንደ ጉዳት ባለመቁጠሩ። ማየት፣ መስማት ወይም መራመድ ያስቸግርዎታል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ይለወጣል። ያልተቆጠረ ሰው በበጀት ውስጥ አይገባም።

ከወሎ የተነሡት የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመታቸው ዓይናቸውን ያጡ ናቸው። ዓይነ ስውርነታቸው በዙሪያቸው የተለመደ ከነበረው ያለ ዕድሜ ጋብቻ አድኖ ወደ ትምህርት ቤት እንዳደረሳቸው በተደጋጋሚ ተናግረዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኝነትና ልማት ማእከልን ካቋቋሙት አንዷ ሆኑ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። የእሳቸው ዓይነት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚወራው እንደ ተአምር ነው። ትምህርት ቤት የተከፈተለት ልጅ መማሩ ግን ተአምር አይደለም፤ የሚያስገርመው የተከፈተላቸው ጥቂት መሆናቸው ነው።

መብቱ ሲነካ

ሥራ፣ አገልግሎት ወይም ቦታ የተከለከለ ሰው መጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅ ነው። አይሰጥም ከተባለ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያነጋገረውን ሠራተኛ የሥራ ድርሻና አብሮት የነበረውን ሰው መዝግቦ ይያዝ። ማየት የተሳናቸው፣ መስማት የተሳናቸው፣ የአካል እንቅስቃሴ ጉዳት ያለባቸው፣ በሥጋ ደዌ የተጠቁ ወገኖችና ሌሎችም የየራሳቸው ብሔራዊ ማኅበራት አሏቸው። ማኅበራቱ በፌዴሬሽን ተሰባስበዋል፤ አባል መሆን በቅጥር ክርክር ጊዜ ከጎን የሚቆም ከሳሽ ማግኘት ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለተፈጸመ የአስተዳደር በደል የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ለመብት ጥሰት ደግሞ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ይቀበላሉ። ኮሚሽኑ የአካል ጉዳተኞችንና የአረጋውያንን መብቶች የሚከታተል ኮሚሽነር አለው። ሁለቱም ተቋማት ከአዲስ አበባ ውጭ ቅርንጫፍ ስላላቸው በባሕር ዳር አካባቢ ያለ አቤቱታ አቅራቢ ወደ መዲናዋ መጓዝ አይኖርበትም። ሰው ሠራሽ አካልና ድጋፍ የሚፈልጉ ሰዎችም በባሕር ዳርና በደሴ የአካል ተሃድሶ ማእከላት ይስተናገዳሉ።

በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ ግን ጊዜ ሊጠብቀው አይችልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በ3 ወር፣ የደመወዝና መሰል ክፍያዎች ጥያቄ በ6 ወር፣ ሌሎች ጥያቄዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረቡ በይርጋ ይታገዳሉ። አገር ቤት ገብቶ እስኪያገግም የሚጠብቅ ወጣት መብቱን በአልጋው ላይ እያለ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ከመሸኘቱ በፊት የሐኪም ወረቀቱን፣ የሁለት ባልደረቦቹን ስምና ስልክ፣ የአሠሪውን የንግድ ስም መያዝ አለበት፤ ራሱ መቆም ካልቻለም ለታመነ ዘመድ በውልና ማስረጃ ውክልና መስጠት ይችላል።